የነፋስ ሠሪው ልጅ

ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ የራሴን ቀለማት እቆጥራለሁ። እንጀራ የሚያስገኝልኝ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሳይሆን አይቀርም፣ በጉልበቱ እያደረ ግጥም የጻፈ ሰው ሳገኝ ከሌላው ገጣሚ ይልቅ ቶሎ የምወዳጀው። ስቲቨን ዳክን ያገኘሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ በገዛሁት፣ ሽፋኑ በተገነጠለ የእንግሊዝኛ ግጥሞች መድበል ውስጥ ነበር። ዳክ እህል ወቂ ነው። እኔም የወቂ የልጅ ልጅ ነኝና ገጹን ሳልገልጥ አለፍኩ ለማለት አልችልም።

(በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳክ በ1705 በደቡብ እንግሊዝ፣ ዊልትሸር በሚባለው አውራጃ፣ ቻርልተን በምትባል መንደር ተወለደ። በሳምንት 4 ሽልንግ ከ6 ፔንስ እየተከፈለው በሰው የእህል ቤት ውስጥ ይወቃ ነበር። እንግሊዞቹ እንደ እኛ በሬ አያበራዩም። መሣሪያቸው ሁለት ዱላ ነው፤ ረጅሙን ወቂው በእጁ ይይዘዋል፣ አጭሩ በጠፍር ታስሮ ከጫፉ ይንጠለጠላል። ነዶው መሬት ላይ ይዘረጋና አጭሩ ዱላ ከላይ እየተወነጨፈ ይወርድበታል። ይህ ከኅዳር ጀምሮ በብርዱ ወራት ሁሉ፣ በሩ በተዘጋ ቤት፣ በአቧራ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው።

ዳክ በ1730 ስለዚህ ሥራ ሲጽፍ አላቆነጀውም። እረኛ ሲያሻው ያፏጫል፣ ተረት ያወራል፤ ወቂ ግን አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን እንኳ ማናገር አይችልም፣ የዱላው ጩኸት ቃሉን ከአፉ ይነጥቀዋል። አተር የወቁ ቀን ፊታቸው ከአቧራው ብዛት ጠቁሮ፣ ቤታቸው ሲገቡ ልጆቻቸው ይሸሿቸዋል። ጌታው መጥቶ እህሉን ይሰፍርና ተኝታችሁ ዋላችሁ ብሎ ይቆጣል። ይህ ግጥም ንግሥት ካሮላይን ዘንድ ደረሰ፤ እርሷም በዓመት 30 ፓውንድ ቆረጠችለት፣ መኖሪያም ሰጠችው። ከዚያ በኋላ ዳክ ዱላ አልያዘም። የጻፋቸው ግጥሞች ግን የቤተ መንግሥት ግጥሞች ሆኑ፤ እኔ ለራሴ አንዱንም አልወደድኩለትም። ኋላ ቄስ ሆነ፣ በ1756 ራሱን ውኃ ውስጥ ጥሎ ሞተ። (ሜሪ ኮሊየር የተባለች ልብስ አጣቢ በ1739 ባሳተመችው ግጥም ዳክን ትወቅሰዋለች፤ በግጥሙ ውስጥ ሴቶችን ሰነፍ አድርጎ አሳይቷልና፣ እኛ ማታ ቤት ስንገባ ሌላ ሥራ ይጠብቀናል ትለዋለች። እርሷን ንግሥት አልጠራቻትም። ስለ እርሷ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።)

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ዳክም አይደለም። ዳክ ያን ግጥም በጻፈበት ዓመት፣ ከእርሱ መንደር ብዙ ርቀት ወደ ሰሜን፣ በስኮትላንድ ምድር፣ በአንድ የውኃ ወፍጮ ቤት የሚያድግ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ያንን ዱላ ከሰው ትከሻ ላይ ያወረደው እርሱ ነው። ስሙ አንድሩ ሚክል ይባላል።

የሚክልን ነገር ከአባቱ መጀመር ያስፈልጋል። አባቱ ጄምስ ሚክል ወፍጮ ሠሪ ነበር። በ1710 የሳልተን ባለርስቶች የሆኑት ፍሌቸሮች ውል አስፈርመው ወደ ሆላንድ ላኩት፤ ሆላንዶች ገብስ የሚፈትጉበትን ወፍጮ አይቶ፣ ተምሮ፣ በአገሩ እንዲሠራላቸው። ሄደ፣ አየ፣ መጥቶም ሠራው። የሳልተን ፍትግ ገብስ በስኮትላንድ ሾርባ ድስት ውስጥ ስም አወጣ። ግን ጄምስ ይዞ የመጣው ወፍጮውን ብቻ አልነበረም። አንድ ሌላ ነገር ጨምሮ አመጣ፤ እርሱም የነፋስ ማሽን ነው።

እዚህ ላይ ከአገሬ አንድ ነገር ላስታውስ። በልጅነቴ በገና ሰሞን ቢቸና አካባቢ አያቴ ዘንድ እሄድ ነበር። ጤፉ በበሬ ከተበራየ በኋላ አያቴ መንሹን ይዘው አውድማው ላይ ይቆማሉ፤ ነፋስ ግን የለም። ይጠብቃሉ። ጎረቤትም መጥቶ አብሮ ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን ከሰዓቱ እንዲሁ ያልቃል፤ ፍሬውና እብቁ እንደተደባለቀ ይመሻል፣ አንድ ሰው አውድማው ላይ ሊጠብቅ ያድራል። ነፋሱ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ነፋስ ሲያልፍ እንዳያመልጥ ማንም ቃል አይናገርም። እኔ ያኔ ነፋስ ሰው ሊሠራው የሚችል ነገር ነው ብሎ የሚነግረኝ ቢኖር ኖሮ የምስቅበት ይመስለኛል።

ጄምስ ሚክል ያመጣው ይህንኑ ነው። በሣጥን ውስጥ በእጅ የሚዞሩ የእንጨት ወይም የሸራ ክንፎች ናቸው፤ እህሉ ከላይ ሲፈስ ከጎን ነፋስ ይመታውና ገለባው ይበራል፣ ፍሬው ይወርዳል። ነገሩ ይኸው ነው። በስኮትላንድ ግን አንዳንድ ጥብቅ ሃይማኖተኞች ተቆጡ፤ እግዚአብሔር በፈቀደ ጊዜ የሚልከውን ነፋስ ሰው በእጁ ማዞር ትዕቢት ነው፣ ነፋሱም የሰይጣን ነፋስ ነው አሉ። ዋልተር ስኮት በ1816 ባሳተመው «ኦልድ ሞርታሊቲ» በተባለው ልብ ወለድ አንዲት አሮጊት ልጇ በዚህ ማሽን እንዳይሠራ ስትከለክል ያሳየናል። ልብ ወለዱ የሚተርከው ግን በ1679 ስለሆነው ነገር ነውና ስኮት ማሽኑን ከመምጣቱ 31 ዓመት አስቀድሞ አምጥቶታል። ደራሲ ሲፈልግ እንዲህ ያደርጋል፤ ለሳቁ ሲል ዘመኑን ያጣምማል። እኔ ግን በዚያች አሮጊት ላይ መሳቅ አልሆነልኝም፤ አውድማ ላይ ቆሜ ነፋስ ጠብቄአለሁና።

አንድሩ ሚክል በ1719 ተወለደ፤ ይህ የነፋስ ማሽን በነበረበት ቤት አደገ። ሲጎለምስ ከኤዲንብራ በስተምሥራቅ፣ በኢስት ሊንተን አጠገብ፣ ሁስተን ሚል የተባለውን ወፍጮ ተከራይቶ ተቀመጠ። ባለርስት አይደለም፤ የሌላ ሰው ወፍጮ የሚሠራ፣ የሌላ ሰው መዘውር የሚጠግን ባለሙያ ነው። በ1768 ከአንድ ባልደረባው ጋር እህል ለማጥራት ለሚያገለግል ማሽን የፈጠራ መብት አወጡ። በ1772 ደግሞ የነፋስ ወፍጮን ክንፍ አሻሻለ። የድሮው ክንፍ ሸራ የተዘረጋበት ነበርና ዐውሎ በድንገት ሲነሣ ወፍጮውን ሊገነጣጥለው ይችል ነበር። ሚክል በሸራው ፈንታ እንደ መስኮት መዝጊያ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትናንሽ ሳንቃዎች ደርድሮ በሽቦ ጥምዝ ያዛቸው፤ ነፋሱ ሲበረታ ሳንቃዎቹ ራሳቸው ይከፈቱና ያሳልፉታል። አባቱ ነፋስ ሠራ፤ ልጁ ነፋስ እንዲያልፍ በር ሠራለት።

ከዚያ በኋላ ወደ ትልቁ ነገር መጣ። ከእርሱ በፊት ብዙዎች ሞክረዋል። ማይክል ሜንዚስ የተባለ የዚያው አገር ሰው በ1732 ገደማ ብዙ የመውቂያ ዱላዎችን በአንድ ግንድ ላይ አስሮ በውኃ ኃይል አወናጨፋቸው፤ ዱላዎቹ ፍጥነቱን አልቻሉምና እየተሰባበሩ አስቸገሩ። ሌላው ነዶውን በተሽከርካሪዎች መካከል አሽቶ ፍሬውን ለማውጣት ሞከረ፤ ፍሬው ተጨፈለቀ። ሚክልም ራሱ በ1778 ሠርቶ አልሆነለትም። የሁሉም ስሕተት አንድ ይመስለኛል፤ የሰውን ክንድ ወይም የሰውን መዳፍ ለመምሰል መሞከር። ሥራውን ሲያስቡ ሠራተኛውን ያያሉ፤ ዱላ ሲመለከቱ ዱላ ይሠራሉ። (ጀማሪ ገጣሚ ሳለሁ እኔም እንደዚሁ ነበርኩ፤ የወደድኩትን ገጣሚ ትንፋሹን ሳይቀር እቀዳ ነበር።)

ሚክል በ1786 ክንዱን ረሳው። መንገዱን ያሳየው የተልባ እግር የሚዘጋጅበት ማሽን ነው፤ በዚያ ማሽን የሚሽከረከሩ ስለቶች የተልባውን ግንድ እየመቱ ቃጫውን ከእንጨቱ ይለያሉ። ሚክል ጠንካራ ከበሮ ሠራ፤ በከበሮው ዙሪያ ብረት የተለበጠባቸው መምቻዎች አጥብቆ ቸነከረ። ነዶው በገበታ ላይ ተበትኖ ይቀርባል፤ ሸንተረር ያላቸው ሁለት ተሽከርካሪ ዘንጎች ጨምድደው እየያዙ በዝግታ ያስገቡታል፤ ከበሮው በብርቱ ፍጥነት እየዞረ ዛላውን ይመታዋል። ነዶው በዝግታ ሲገባ ከበሮው በፍጥነት ይዞራል፤ ምሥጢሩ በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ፍሬው ይረግፋል፣ ጭዱ ተበጥሮ ይወጣል። ከሥር ደግሞ የአባቱ የነፋስ ማሽን ተገጠመና እብቁን አበረረ። ኃይሉ ውኃ ሊሆን ይችላል፣ ነፋስ ሊሆን ይችላል፣ በክብ የሚዞሩ ፈረሶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኋላም እንፋሎት ሆነ።

እግረ መንገዴን፦ በዚሁ በ1786 ሮበርት በርንስ የመጀመሪያ የግጥም መድበሉን አሳተመ። በውስጡ ካሉት ረጃጅም ግጥሞች አንዱ የሚከፈተው ገጣሚው ቀኑን ሙሉ ሲወቃ ውሎ ደክሞት ከምድጃው አጠገብ በተቀመጠበት ምሽት ነው። የስኮትላንድ ታላቅ ገጣሚ ስለ ዱላው በጻፈበት ዓመት፣ በዚያው አገር ዱላው የሚሞትበት ከበሮ መዞር ጀመረ ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች ስለዚህ ነገር ሲነጋገሩ ለመስማት ብዙ ነገር እሰጥ ነበር።

ሚክል በ1788 የፈጠራ መብቱን አወጣ። የዘመኑ ሕግ ለ14 ዓመት ይጠብቅለታል፤ በወረቀት ላይ። በተግባር ግን ማሽኑ እንጨትና ብረት ነው፤ አንድ ጎበዝ አናጺ ቆሞ ካየው ተመልሶ ይሠራዋል። ብዙዎችም ሠሩት። ባለ እርሻዎቹ አተረፉ፣ አናጺዎቹ አተረፉ፣ ሚክል ግን ይህ ነው የሚባል ሀብት ሳያገኝ አረጀ። በ1809፣ ዕድሜው 90 ሲሆን፣ ሰር ጆን ሲንክሌር ባለርስቶችን አስተባብሮ መዋጮ አሰባሰበለትና 1,500 ፓውንድ ተገኘ። የባንክ ሰው ነኝና ይህን ቁጥር ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስቲቨን ዳክ በሳምንት የሚያገኘው 4 ሽልንግ ከ6 ፔንስ በዓመት 11 ፓውንድ ከ14 ሽልንግ ይሆናል፤ ለሚክል የተዋጣው እንግዲህ የአንድ ወቂ የ128 ዓመት ደመወዝ ነው። በሁለቱ ሒሳቦች መካከል የ80 ዓመት ልዩነት እንዳለ፣ ገንዘብም እንደሚረክስ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በዚህ ስሌት ሚክል ድሀ አይመስልም፤ ማሽኑ በየእህል ቤቱ ካስቀረው ደመወዝ ጋር ስናስተያየው ደግሞ 1,500 ፓውንድ ምንም አይደለም። ሁለቱንም ማሰብ አለብኝ።

በሁስተን ሚል አጠገብ ባለው በፋንታሲ እርሻ የተወለደ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ወደ ሚክል ወርክሾፕ እየገባ መሣሪያ ሲነካካ ይውል ነበር። ጆን ሬኒ ይባላል፤ በ1761 ነው የተወለደው። ሙያውን የጀመረው ከሚክል ዘንድ ነው። ሬኒ ኋላ ለንደን ገባ፣ የዋተርሉን ድልድይ ነደፈ፣ ሲሞትም በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ። መምህሩ በ1811 በ92 ዓመቱ ሞቶ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን፣ በፕሬስተንከርክ አረፈ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ፣ ፍሬን ከጭድ የሚለይ ማሽን ፈጥሮ ለብሪታንያና ለሌሎች አገሮች ገበሬዎች እስከዚያ ዘመን በታሪክ ከተመዘገበው ሁሉ የላቀ ጥቅም ያበረከተ ሰው መሆኑ ተቀርጿል።

ታሪኩ እዚያ ድንጋይ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም አልጽፈውም ነበር።

በሎዝያን፣ በሚክል አገር፣ ማሽኑ ያለ ብዙ ሁከት ገባ። የእርሻ ሠራተኛው በዚያ የሚቀጠረው ለዓመት ነው፤ ቤቱ በእርሻው ላይ ነው፣ ክፍያውም በአብዛኛው አጃና ገብስ፣ ለላሙም ግጦሽ ነው። ዱላው ቢቀርለት ዕረፍት ነው፤ እንጀራው አይጎድልም። በደቡብ እንግሊዝ ግን ሠራተኛው በሳምንት፣ አንዳንዴም በቀን ነው የሚቀጠረው። በ1815 ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ ወደየመንደሩ ሲመለስ እጅ በዛ፣ ዋጋ ወረደ። በብርዱ ወራት መሬቱ ሥራ አይሰጥም፤ ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መውቃት። ዳክ የረገመው ያ ዱላ ከኅዳር እስከ የካቲት የልጆች ዳቦ ነበር። ማሽኑ ሲመጣ ከወቂው ትከሻ ላይ የወረደው ዱላው ብቻ አልሆነም።

በነሐሴ 28 ቀን 1830 ሌሊት፣ በኬንት፣ ሎወር ሃርድረስ በምትባል መንደር ሰዎች መጥተው አንድ የመውቂያ ማሽን ሰባበሩ። ከዚያ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ለባለ እርሻዎች የሚላከው የማስፈራሪያ ደብዳቤ «ሻምበል ስዊንግ» የሚል ፊርማ ነበረው፤ ስሙ ከመውቂያው የሚወናጨፍ ዱላ የተወሰደ ነው የሚሉ አሉ። እንዲያ ከሆነ ዱላው ራሱ ነበር ደብዳቤ የሚጽፈው። አንዳንድ ባለ እርሻ ማሽኑን በገዛ እጁ አውጥቶ ለሰባሪዎቹ አስረክቧል፤ ጎረቤቱ ስለገዛ ገዛ እንጂ እርሱም አልወደደውም ነበርና። በኅዳር ወር ማዕበሉ ዊልትሸር ደረሰ። የዳክ አገር ዊልትሸር፤ ዳክ ግጥሙን ከጻፈ ልክ 100 ዓመት ሆኖታል። በኅዳር 25 ቀን በፓይትሃውስ የምክር ቤት አባል የሆነው የጆን ቤኔት ማሽኖች በመዶሻና በመጥረቢያ ተሰባበሩ፤ ፈረሰኛ ጦር ደረሰባቸው፣ ጆን ሃርዲንግ የተባለ ሠራተኛ ተገደለ።

ማሽን መስበር በሕጉ እስከ 7 ዓመት ግዞት ያስቀጣ ነበር። ሁከቱ በአገሪቱ ሁሉ ሲበርድ 19 ሰዎች ተሰቅለዋል፤ አብዛኞቹ እሳት በመለኮስ የተከሰሱ ናቸው። ወደ 480 የሚሆኑት በመርከብ ተጭነው ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። ሚስትና ልጅ አስከትሎ መሄድ የለም፤ የ7 ዓመቱ ፍርድ ለብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ሆኖ ቀረ።

ሚክል ይህን አላየም፤ ከሞተ 19 ዓመት ሆኖታል። እርሱን እወቅሰው ዘንድ ከልቤ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። የዳክን ግጥም አንብቦ ያንን ሥራ ለሰው ልጅ የሚመኝ ማነው? ሰባሪዎቹንም መውቀስ አልሆነልኝም። ቻርልተን ውስጥ በ1730 ብወለድ ዱላውን እጠላው ነበር፤ በ1830 ብወለድ ደግሞ መዶሻ ይዤ እወጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። በእኛም አገር በ1967 በጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅቱ ከተቋቋመ በኋላ፣ ትራክተር ያገኙ ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን ከመሬት ሲነቅሉ የታየው ይኸው ነው። ትራክተሩ ማንንም አልጠላም፤ የተነቀለው ሰው ግን ከማረሻው መስመር በኋላ የሚሄድበት አጣ። ሎዝያንና ዊልትሸር በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ፣ ከበሮውም አንድ ነበር፤ የተለያየው የቅጥር ውሉ ነው። ይህን የምለው ቀኑን ሙሉ ውል ሳገላብጥ የምውል ሰው ስለሆንኩ ብቻ ይሆን?

ባለፈው ጥር አጎቴ ከቢቸና ደውለውልኝ ነበር። አያቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ አውድማው የአጎቴ ሆኗል። በዚህ ዓመት አምስት ሆነው አዋጥተው የመውቂያ መኪና ተከራይተው ነበር። ሥራው እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሦስት ቀን የሚፈጀው እስከ ምሳ አለቀ» አሉኝ።

«በሬዎቹስ?»

«ቆመው ሲያዩን ዋሉ።» ትንሽ ዝም አሉ። «አባባ ነፋስ ሲጠብቁ ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ እንጂ።»

«መኪናው ከሆዱ ነው የሚያወጣው። እጄን ከፊቱ አድርጌ አየሁት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ደጋ ነፋስ።»